ኮርማ ቦኖ አይደለም

ኦቦ ዩያ ያረፈው ማክሰኞ ነው፤ እኔ የሰማሁት ሐሙስ። የነገሩኝ የአባቴ የምድር ባቡር ባልደረባ የነበሩት ጋሽ ተፈራ ናቸው። ቄራ ሥራ ላይ ነበርኩ። ጓንቴን አውልቄ ስልኩን ሳነሳ፣

«ሰማሽ ወይ?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«አባ ኮርማ ሞተ እኮ።»

ቀጥለው ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው፣ የዘንድሮው ሙቀት ከአምናው እንደባሰ ነገሩኝና ስልኩን ዘጉት። እኔ ግን ወዲያው ወደ ሥራዬ መመለስ አቃተኝ። እስላም በሞተበት ቀን ነው የሚቀበረው። ሁለት ቀን ሙሉ እኔ ሥጋ ላይ ማኅተም ስመታ እሱ አፈር ውስጥ ነበር።

ኮርማ በአማርኛም ኮርማ ነው፣ በኦሮምኛም ኮርማ ነው። ስለዚህ ቅጽል ስሙ ለማንም አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ከድሬዳዋ ወጥቶ ወደ ቢዮ አዋሌ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በድንጋይ ካብ የታጠረች ግቢ ነበረችው። አንዲት ክፍል ቤትና አንድ በረት። በረቱ ከቤቱ ይሰፋል። በረቱ ውስጥ ዳለቻ የሚባል ሻኛው የተቆለለ ግራጫ ኮርማ ይኖራል። ላሙ የደራችበት ሰው በገመድ እየሳበ ያመጣታል፣ ያስጠቃታል፣ ይመለሳል። ከከተማው ዳር ያሉ ወተት ሻጮችም፣ የቢዮ አዋሌ ገበሬዎችም፣ አንዳንዴ ከሐርላ ድረስ የሚመጡም ነበሩ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቀን ትዝ ይለኛል። ከኮሌጅ ወጥቼ በእንስሳት ጤና ባለሙያነት ከተመደብኩ ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር። የክትባት ሳጥኔን በትከሻዬ አንግቼ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ጤና ይስጥልኝ፤ እንዴት ዋሉ? ከብት እንዳለዎት ሰምቼ ነበር የመጣሁት...»

መጥረጊያውን እንደያዘ ዞር ብሎ ከኋላው ተመለከተ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ለስንት ሰው ነው የምታወሪው?» አለኝ። «እኔ ብቻዬን ነኝ።»

ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙ አይሠራም፤ ይህን እያወቅሁ ነው በቤታችን ልማድ የጀመርኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ «አንተ» አልኩት። እሱም «ያ ኢንተላ» ይለኝ ነበር፤ አንቺ ልጅ እንደማለት ነው። ስሜን አንድም ቀን አልጠራውም።

ረጅም፣ ቀጭን፣ በትንሹ ጎበጥ ያለ ሰው ነበር። ሽርጡን ከፍ አድርጎ ያገለድማል። ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከሶማሌዎቹ ጋር በሶማልኛ፣ ከዳለቻ ጋር በኦሮምኛ ያወራል። ከዳለቻ ጋር ነው ብዙ የሚያወራው።

ላም ሲያመጡለት ወዲያው ወደ በረቱ አያስገባትም። ጎኗን በእጁ ጀርባ እየዳሰሰ የጎድን አጥንቶቿን ይቆጥራል፤ በጣም ከከሳች ይመልሳታል። «አጥንት ላይ ጥጃ አይቀመጥም። አብልተህ አምጣት» ይላል። የደራችው መቼ እንደሆነ ይጠይቃል። ጠዋት ከሆነ «ማታ መልሳት»፣ ማታ ከሆነ «ነገ ጠዋት» ይላል። እኔ ኮሌጅ ውስጥ በፈተና የመለስኩትን እሱ ከአባቱ ነው የሰማው። ኮርማው ላሟ ላይ ሲወጣ ደግሞ ሁልጊዜ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ተራራው ይመለከታል። አንድ ቀን ሳቅሁበት።

«ኦቦ ዩያ፣ ታፍራለህ እንዴ?»

«እንግዳ ቤትሽ ሲበላ አፉን ታያለሽ?» አለኝ።

ደንቡ አንድ ነበር። በአንድ የዝናብ ወቅት ሃያ አምስት ላም፤ ከዚያ በላይ የለም። በቀን ከአንድ አይበልጥም፤ አንዱን ቀን አስጠቅቶ ሁለቱን ቀን ያሳርፈዋል፤ ዓርብ ጭራሽ አይነካውም። ሃያ ስድስተኛ ሆኖ የመጣ ሰው ዘመዱም ቢሆን «ለሚቀጥለው ዝናብ» ይባላል። የት እንደሚጽፈው ጠይቄው ነበር። ጣቱን ግንባሩ ላይ አደረገ። የእያንዳንዷን ላም መልክ፣ የባለቤቷን ስም፣ ስትወልድም የጥጃዋን ቀለም ያውቃል። መንገድ ላይ የሚያልፍ ጥጃ አይቶ «ይሄ የዳለቻ ነው» ሲል ፊቱ ይፈካ ነበር።

እሱ ራሱ ልጅ አልነበረውም። ሚስቱ ሐሊማ እኔ ከመምጣቴ አራት ዓመት በፊት ሞታለች። ስለሷ ያወራኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የዳለቻን ሰኮና እያስተካከልኩ፣ እሱ አንገቱን አቅፎ ይዞልኝ።

«ሠላሳ ዓመት አብረን ኖርን» አለ። «ሽማግሌዎቹ ‹ሌላ አግባ› አሉኝ። እህቶቿ ‹ተመርመሩ› አሉን።»

«ታዲያ ተመረመራችሁ?»

«አልተመረመርንም። ብንመረመር ከሁለታችን አንዳችን ጥፋተኛ እንሆናለን። ጥፋተኛ ያለበት ቤት ውስጥ እንዴት ይተኛል?» አለና ኮርማውን በኦሮምኛ ማባበል ቀጠለ።

ያ ክፉ ዓመት የመጣው ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሁለት ዝናብ ተከታትሎ ቀረ። ሰው ከብቱን ሸጠ፤ ያልሸጠውም ሞተበት። መጀመሪያ የተሸጡት ኮርማዎቹ ናቸው፤ ብዙ ይበላሉ፣ አይታለቡም። ኦቦ ዩያ ግን ዳለቻን አልሸጠም። በየቀኑ ዳገት ወጥቶ የቁልቋል በለስ ቆርጦ፣ እሾሁን በእሳት እየለበለበ አበላው። በዚያ ሰሞን እሱ ራሱ ምን ይበላ እንደነበር አላውቅም።

በሦስተኛው ወቅት ዝናቡ መጣ። ሣሩ በሁለት ሳምንት አረንጓዴ ሆነ። ላሞቹ ሥጋ እንደያዙ፣ ለአንድ ዓመት ተኩል ዝም ብለው የቆዩት ሁሉ በአንድ ጊዜ መድራት ጀመሩ። ሰው ሠራሽ ማዳቀል እንዳንሠራ ዘሩ የሚቀመጥበት ፈሳሽ ናይትሮጅን በዚያ ዓመት አልመጣልንም። በአካባቢው የቀረው ብቁ ኮርማ ዳለቻ ብቻ ነበር።

የወተት ማኅበሩ ስብሰባ ጠራ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ተፈራ ነበሩ። ከጡረታ በኋላ አራት ላም ያረቡ ነበር። አዳራሹ ሞልቶ ሰዎች መስኮት ላይ ተቀምጠዋል። ኦቦ ዩያ ጥግ ይዞ ቆሟል።

«እህ፣ ዩያ» አሉ ጋሽ ተፈራ። «ስንት ትችላለህ?»

«የሚችለው ዳለቻ ነው፤ እኔ አይደለሁም» አለ። ሰው ሳቀ። «ሃያ አምስት።»

ሳቁ ቆመ። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ላሞች ሲቆጠሩ ሃምሳ ነበሩ። ሁሉም በአንዴ መናገር ጀመረ። «አቦ ተው እንጂ!» «ግማሻችን ምን እንሁን?» አዴ ሞሚና ተነሳች። ባሏ የሞተባት፣ ከስድስት ከብት አንዲት ቀይ ላም ብቻ የተረፈቻት፣ ሦስት ልጆቿን በዚያች ላም ወተት የምታሳድግ ሴት ናት።

«የማን ላም እንደሚቀር ልንገራችሁ?» አለች። «የኔ ነው የሚቀረው! ወንድ የቆመለት ሁሉ ቀድሞ ይገባል!»

ጋሽ ተፈራ ወደ እኔ ዞሩ። «እስቲ ባለሙያዋ ትናገር። አንድ ኮርማ በአንድ ወቅት ስንት ላም ያጠቃል?»

የሥልጠና ደብተሬ ጭኔ ላይ ነበር። ገልጬ አነበብኩላቸው። ጤነኛ፣ የደረሰ ኮርማ እስከ ሃምሳ ላም ድረስ ይችላል ይላል። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። በሕይወቴ ለእኔ ሲጨበጨብ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ኦቦ ዩያ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀ።

«ያ ኢንተላ» አለኝ፤ «ደብተሩ የተጻፈበት አገር ፀሐዩ እንዴት ነው?»

«ሳይንስ አገር አይመርጥም» አልኩት።

ሰው እንደገና ሳቀ። እሱ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም።

«ኮርማ ቦኖ አይደለም» አለ። «ቦኖ ላይ ሁሉም ጀሪካኑን ይዞ ይሰለፋል። ውሃው ሲያልቅም ቧንቧው ይንሿሿል። የሚንሿሿው ግን አየር ነው። ዳለቻም ይወጣል፤ እናንተም ‹ተጠቃች› ብላችሁ ትሄዳላችሁ። በዚህ ሙቀት፣ ከዚያ ረሃብ በወጣ ሰውነት፣ ከሃያ አምስት በኋላ አየር ነው።»

«እሷ ተምራ ነው እኮ የመጣችው!» አለ አንዱ። አዴ ሞሚና ገና እንደቆመች ነበር፤ ኦቦ ዩያን ብቻ እያየች። ኦቦ ዩያ አያትና ዐይኑን መለሰ።

«እሺ» አለ።

በየሳምንቱ እየሄድኩ ኮርማውን አየው ነበር። እስከ ሃያዎቹ ላሞች ድረስ ዳለቻ ደህና ነበር። ሠላሳ አካባቢ ወገቡ ጎደጎደ፤ ላም ሲያይ እንደ ድሮው አይጓጓም። ኦቦ ዩያ እኩለ ቀን ላይ በባልዲ ውሃ እያፈሰሰ ጀርባውን ያቀዘቅዝለታል። «ዐይኑን እይው» ይለኛል። እኔ የቫይታሚን መርፌ ወጋሁት፤ ፉርሽካ ጨምርለት አልኩ። ከበሩ ውጭ ላሞቹ በገመድ ተሰልፈዋል፣ ሰው ይጨቃጨቃል። የእረፍት ቀኖቹንም፣ ዓርብንም አስጣሉት። አንድ ዓርብ ከሶላት ሲመለስ በሩ ላይ ሦስት ላም ቆሞ አገኘ፤ ኮፍያውን አውልቆ ያለ አንድ ቃል በረቱን ከፈተ።

የመጨረሻዋ የአዴ ሞሚና ቀይ ላም ናት። ዳለቻ ሁለቴ ሞክሮ ወረደ። በሦስተኛው ተሳካለት። አዴ ሞሚና «አልሐምዱሊላህ!» ብላ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። ኦቦ ዩያ እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ተራራው ያይ ነበር። ላሟ ከወጣች በኋላም አልዞረም።

ከሦስት ወር በኋላ ረጅሙን ጓንት እስከ ትከሻዬ ለብሼ ቤት ለቤት የላሞቹን ማኅፀን መመርመር ጀመርኩ። መጀመሪያ የተጠቁት ጋ ደስ ይል ነበር። እጄ ጥጃውን ያገኘዋል፤ «ከብዳለች» ስል ባለቤቶቹ ይመርቁኛል። ከዚያ ባዶ አገኘሁ። ቀጥሎም ባዶ። በአንድ ጠዋት ስድስት ቤት ገብቼ ስድስቱም ባዶ የሆኑበት ቀን ነበር። ከሃምሳው የያዙት ሃያ ሦስት ናቸው። ከሃያ አምስተኛዋ ወዲህ ከተጠቁት የያዙት ሁለት ብቻ። አዴ ሞሚና ጋ ስደርስ እጄን ከማውጣቴ በፊት ፊቴን አይታ ገባት።

የላም ባዶ መሆን ለማያውቀው ሰው ቀላል ነገር ይመስላል። ዓመት ሙሉ የሚቀለብ፣ ዓመት ሙሉ የማይታለብ ማለት ነው። ከድርቅ ለወጣ ቤት ደግሞ ሁለተኛ ድርቅ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሰው ኦቦ ዩያ ግቢ ተሰበሰበ። እኔም ነበርኩ። ጋሽ ተፈራም ነበሩ። «ኮርማው እንደደከመ እያወቅህ ለምን አስጠቃህ?» «ለምን አልነገርከንም?» ይሉታል። ነግሯቸው ነበር እኮ። አዳራሹ ውስጥ የሰማ ሁሉ እዚያ ቆሟል። ግን ሰው ሲናደድ የሚያስታውሰው የሚፈልገውን ነው። አዴ ሞሚና ከሴቶቹ መካከል ወጣች፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል።

«ድሮስ መካን ቤት ምን ይወለዳል!» አለች።

እሷ ራሷም ደነገጠች መሰለኝ። ኦቦ ዩያ እጁ በረቱ አጥር ላይ እንዳለ ነበር፤ የአጥሩን እንጨት አጥብቆ ያዘ። ከዚያ ወደ እኔ አየ። ለአንድ አፍታ ብቻ ነው ያየኝ፤ የወቀሳ አስተያየት አልነበረም። የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር። «እኔ ነኝ ሃምሳ ያልኩት።» አራት ቃል ናት። ጋሽ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እሳቸውም አልተናገሩም። እኔ የጎማ ጫማዬን ጫፍ እያየሁ ቆምኩ።

«ኮርማው የኔ ነው» አለ ኦቦ ዩያ። «ያስጠቃሁትም እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሰዎቹ ይህን ከሰሙ በኋላ ተበተኑ። እኔም ተበተንኩ።

ዳለቻን ሁለት ወር አሳረፈው። ከዚያ ማንም ያልጠየቀውን ማድረግ ጀመረ። ፀሐይ ሳትወጣ ኮርማውን በገመድ ይዞ ላሞቻቸው ባዶ የቀሩባቸው ሰዎች ቤት ድረስ ይሄዳል። በሳምንት ሁለት ቤት፤ አይበልጥም። የደራች ላም ካለች ያስጠቃል፤ ከሌለች «ስትደራ ላኩብኝ» ብሎ ይመለሳል። አንዳንዶቹ አፍረው ከፈቱለት። አንዳንዶቹ በሩን ዘጉበት። አዴ ሞሚና ጋ ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስቱንም ጊዜ አልተከፈተለትም። በሦስተኛው ጊዜ እኔ ወደ ሥራ እየሄድኩ በባጃጅ ሳልፍ አየሁት። የቤቷ ግድግዳ ጥላ ሥር እሱና ዳለቻ ጎን ለጎን ቆመዋል። ፀሐይዋ ወጥታለች፣ ሰው ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ማንም አያናግራቸውም። ሹፌሩን «አቁም» ልለው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ሹፌሩ በመስታወት አይቶኝ «ምነው?» አለኝ። «ምንም» አልኩት።

እንዲያም ሆኖ በዚያ ዙር አሥራ አንድ ላሞች ያዙ። ይህን ያወራ ሰው አልሰማሁም።

በተከታዩ ዓመት ናይትሮጅኑ መጣ። እኔም የማዳቀል ሥልጠና ወሰድኩ። ከዚያ በኋላ ላም ስትደራ ሰው ይደውልልኛል፤ የናይትሮጅን ፍላስኬን ይዤ በባጃጅ እደርሳለሁ። የአዴ ሞሚናንም ላም ያዳቀልኳት እኔ ነኝ፤ ቀይ ጥጃ ወለደች። ወደ ኦቦ ዩያ ግቢ ገመድ የሚስብ ሰው ጠፋ። ድሮ ላሞች ረግጠው ባጠነከሩት በራፉ ላይ ሣር በቀለ። ሥራውን የወሰድኩበት እኔ ነኝ፤ ይህንንም አውቃለሁ። ሥራዬ ነበር፤ ለሰውም ይበጃል። ግን በዚያ መንገድ ሳልፍ ዐይኔን ወደ ሌላ አዞር ነበር።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ። ዳለቻ አርጅቶ ጥላ ሥር ተኝቷል፤ እሱ አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዝንብ ያባርርለታል። ሻይ አፈላልኝ። ብርጭቆውን ተቀብዬው ጠየቅኩት።

«ያን ቀን ለምን ስሜን አልጠራህም? ሃምሳ ያልኩት እኔ ነኝ እኮ።»

ዝንቦቹን ማባረሩን አላቆመም።

«እኔ ከቀረሁ የሚቀረው ኮርማ ነው» አለ። «አንቺን ማመን ቢያቆሙ ክትባት ይቀራል። ሐኪም ይቀራል። ከብቱ ሲታመም ‹ያቺ ውሸታም› እያሉ ቤት ውስጥ ይሞትባቸዋል። አስቤበት ነው፤ ስለወደድኩሽ አይደለም።»

«እነሱ ግን አንተን...»

«እኔን ለምደውኛል» አለ።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት።

«አፉ ብዬሻለሁ፤ ዱሮ ነው ያልኩሽ» አለና ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ግን ያን ቀን ብትናገሪ ደስ ይለኝ ነበር» አለኝ። «ከጎኔ አንድ ሰው ቢኖር።»



ዳለቻ በዚያው ዓመት በረቱ ውስጥ ሞተ። ከዚያ በፊት ሉካንዳ ቤቶች ሁለት ሦስት ጊዜ መጥተውበት መልሷቸዋል። ጉድጓዱን ሁለት ቀን ቆፈረ፤ ሰው «ኮርማ ቀበረ» ብሎ ሳቀበት። እኔ ወደ ቄራ ተዛወርኩ። በመጀመሪያው ዓመት አራት ጊዜ ያህል ሄጄ ጠይቄዋለሁ፤ በሁለተኛው አንድ ጊዜ። ያን ጊዜ ስደርስ ባዶውን በረት ይጠርግ ነበር። «ማን ይገባበታል?» ስለው «በየቀኑ እንዲህ ነው የማደርገው» አለኝ። ዘንድሮ አልሄድኩም። ምክንያት አለኝ ብዬ ለራሴ ስነግረው የነበረውን አሁን ሳስበው አንዱንም አላገኘው።

ሐሙስ ከሰዓት ፈቃድ ጠይቄ ለቅሶው ሄድኩ። የሰፈሩ አፎቻ፣ የእስላሞቹ እድር ማለት ነው፣ በግቢው ሸራ ወጥሯል፣ ምንጣፍ አንጥፏል። ወንዶቹ በር አካባቢ፣ ሴቶቹ በረቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ብዙ ሰው አልነበረም። አዴ ሞሚና ነበረች፤ ፀጉሯ ሸብቷል። ቦታ ለቀቀችልኝ። እንደተቀመጥኩ፣ ሳላስበው፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«ያን ዓመት ሃምሳ ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ሃያ አምስት ነው ያለው። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ዝም አልኩ።»

የወንዶቹ ወሬ ቆመ። ጋሽ ተፈራ ከበሩ በኩል አንገታቸውን ደፉ። አዴ ሞሚና ነች የመለሰችልኝ፤ ሳታየኝ።

«አሁን ለማን ብለሽ ነው የምትነግሪን?» አለች። «አዳራሹ ውስጥ ሁላችንም ነበርን እኮ። ጆሮ አልነበረንም መሰለሽ?»

«እሱን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ» አልኳት።

«አንቺስ ጠየቅሽ» አለች። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። «እኔ ያቺን ቃል የተናገርኩ... ሦስት ጊዜ ደጄ ላይ ቆመ፤ በቀዳዳ አየው ነበር። አራተኛ ከመጣ እከፍታለሁ እል ነበር።»



ወደ ማምሻው ላይ ከሐርላ አንዲት አሮጊት መጣች። ብቻዋን በእግሯ ነው የመጣችው፤ እግሯ እስከ ጉልበቷ አቧራ ነው። ከድርቁ በፊት የዳለቻ ጊደር እንዳደገላት፣ የኦቦ ዩያን መሞት ገበያ ላይ እንደሰማች ነገረችን። ቆማ ሴቶቹን አንድ በአንድ እያየች ዘመዱን ፈለገች። ዐይኖቼ አብጠው ነበርና እኔ ላይ ቆመች።

«ልጁ ነሽ?» አለችኝ።

«አይደለሁም» አልኳት። «ልጅ አልነበረውም።»

«እህቱስ? የሚስቱ ወገን?»

«ማንም የለም» አላት ከወንዶቹ አንዱ።

አሮጊቷ ግራ ገባት። ለቅሶ ቤት ገብቶ ማፅናኛ ሳይሰጡ መቀመጥ ነውር ነው፤ የሚሰጡት ሰው ከሌለስ? እጆቿን ከፊቷ አጣምራ ቆመች።

«ታዲያ ለማን ልበል?» አለች።

አዴ ሞሚና ከተቀመጠችበት ተነሳችና እጇን ይዛ ከመካከላችን አስቀመጠቻት።

«ለሁላችንም በይ» አለቻት።

«አላህ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጣችሁ» አለች አሮጊቷ፣ እያንዳንዳችንን እያየች። መጀመሪያ ሴቶቹ፣ ከዚያ በር ላይ ያሉት ወንዶች፣ አንዳችን ሌላችንን ሳናይ «አሚን» አልን።